ከሣር ጓል የተሠሩ የጥንት የበግ በረቶችን ለይቶ ስለ ማወቅ

(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ)



በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ታዘዘው፥ ኢዮቤልዩ ማለት 50ኛው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት መለከት ይነፋል፤ ባሪያ አርነት ይወጣል፤ በድኽነት ምክንያት የተሸጠ ርስትም ወደ ቀድሞው ባለቤት ይመለሳል። የሕጉም ምክንያት ድኻ ርስቱን አጥቶ ስሙ ከምድሩ ላይ ለዘለዓለም እንዳይጠፋ ነው። ነገር ግን በሽያጭ ሳይሆን በመረሳት ከባለቤቱ እጅ የሚወጣ ርስት አለ። ድኻው በላቡ የሠራው ሥራ ዘመን ሲያልፍበት ለንጉሥ ወይም ለጦር አለቃ ይሰጥና፥ የሠራው ሰው ተረስቶ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ርስት ለባለቤቱ የሚመልሰው መለከት አይደለም፤ አስተውሎ የሚያይ ዓይንና የማይቸኩል ፍርድ ነው።

የዚህ ንግግር ነገር በስኮትላንድ አገር በደቡብ በኩል ባሉት ተራሮች ላይ የሚገኙት የጥንት የበግ በረቶች ናቸው። በረቶቹ የተሠሩት ከድንጋይ ወይም ከእንጨት ሳይሆን፥ ከነሣሩና ከነሥሩ ተቈርጦ ከተነሣ የአፈር ጓል ነው። ዛሬ ፈርሰው፥ ሣር ለብሰው፥ ከመስኩ ጋራ ተመሳስለው ይገኛሉ። መንገደኛ ሲያገኛቸው ወይ ሳያስተውል ያልፋቸዋል፥ ወይም የጥንት ነገሥታት ምሽግ ናቸው ብሎ ይፈርዳል። እረኛ የሠራቸው መሆናቸውን ለማወቅ ምን ምን ምልክት መመልከት እንደሚገባ፥ ይህንም ማወቅ ምን እንደሚጠቅም በየተራው ይነገራል። የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስለ አገሩና ስለ በረዶው

እነዚህ ተራሮች በስኮትላንድና በእንግሊዝ ወሰን አጠገብ ያሉ፥ ኤትሪክ፥ ቴቪዮትዴል፥ ኤስክዴል፥ ቼቪዮት በሚባሉ ስሞች የሚታወቁ ናቸው። ራሳቸው ክብ፥ ጐናቸውም ሣር የለበሰ ነው እንጂ እንደ ስሜን ተራራ ገደላም አይደሉም። ከፍታቸው ከባሕር ወለል በላይ 850 ሜትር አይደርስም፤ በቁመት ብቻ ቢለኩ ከኢትዮጵያ ቈላ አይበልጡም። ነገር ግን አገሩ ወደ ሰሜን እጅግ የራቀ ስለ ሆነ የብርዱ ወራት ብርቱ ነው፤ በረዶውም እንደ ተነደፈ ጥጥ እየበነነ ወርዶ ምድሩን ይሸፍነዋል።

የኢትዮጵያ ገበሬ በጎቹን ማታ ወደ በረት የሚያስገባው ጅብንና ቀበሮን ፈርቶ ነው። ስለዚህ አጥሩ እሾህ ይደረብበታል፥ በሩም በጥብቅ ይዘጋል። በስኮትላንድ ግን ተኵላ ከጠፋ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ ከአውሬ ይልቅ የሚፈራው የበግ ጠላት በረዶ ነው። በረዶም በጉን የሚገድለው በብርድነቱ ብቻ አይደለም። ማዕበል በተነሣ ጊዜ በጎች ነፋሱ ወደማይደርስበት ወደ ሸለቆው ጐንና ወደ ወንዙ ዳር ይሸሻሉ። ነፋሱ ግን ከተራራው ራስ እየጠረገ ያመጣውን በረዶ የሚከምረው በዚያው በተከለለው ስፍራ ነው። እንግዲህ በጎቹ ለመዳን የገቡበት ቦታ መቃብራቸው ይሆናል። እረኛው ክብ በረት የሠራው ይህን በመከራ ተምሮ ነው። ግድግዳው ክብ ሲሆን ነፋሱ በግራና በቀኝ ተከፍሎ ያልፋል፤ በረዶውም አብዛኛው ከግድግዳው ውጭ ይከመራል እንጂ ወደ ውስጥ አይሞላም።

የዚህን መከራ ታሪክ ከጻፉት ሰዎች አንዱ ራሱ እረኛ የነበረ ጄምስ ሆግ የሚባል ነው። በ1770 በኤትሪክ ተወልዶ፥ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከብትና በግ ሲጠብቅ ያደገ፥ በትምህርት ቤትም ጥቂት ወራት ብቻ የቈየ ሰው ነበር። ኋላ ግን ራሱን አስተምሮ ስሙ በመላው ብሪታንያ የተሰማ ደራሲ ሆነ፤ በ1835ም ሞተ። በ1819 ስለ በረዶ ማዕበል ባሳተመው ጽሑፍ ሁለት ታላላቅ ጥፋቶችን መዝግቧል።

አንደኛው ከሽማግሌዎች አፍ የተቀበለው ነው። በ1620 በረዶው 13 ቀንና 13 ሌሊት ያለ ማቋረጥ ነፈሰ። በጎቹ መሞት ከጀመሩ በኋላ፥ በ9ኛውና በ10ኛው ቀን፥ እረኞቹ መከለያ የሚሠሩበት ሌላ ነገር አጥተው፥ የሞቱትን በጎች እንደ ድንጋይ እየደረደሩ ግማሽ ክብ የሆነ ግድግዳ አቆሙ፤ በዚያም በሕይወት የቀሩትን ሊያስጠልሉ ሞከሩ። ማዕበሉ ባበቃ ጊዜ ግን በብዙ ስፍራ ግድግዳ የሆኑትም፥ በግድግዳው የተጠለሉትም ሁሉ ሞተው ተገኙ። ኤስክዴልሙር በተባለው ወረዳ ከ20,000 ከሚበልጡት በጎች የተረፉት 45 ብቻ እንደ ነበሩ ሆግ ይናገራል።

ሁለተኛው እርሱ ራሱ በጐልማሳነቱ ያየው ነው። በ1794 በጃንዩወሪ 24 ቀን ሌሊት በተነሣው ማዕበል 17 እረኞች ሞቱ፤ ከ30 የሚበልጡት ደግሞ ራሳቸውን ስተው በሰው ሸክም ወደየቤታቸው ተወሰዱ። በረዶው ቀልጦ ወንዞች ከሞሉ በኋላ፥ ኤስክ የሚባለው ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አሸዋ ላይ 1,840 በጎች፥ 9 የቀንድ ከብቶች፥ 3 ፈረሶች፥ 2 ወንዶች፥ 1 ሴት፥ 45 ውሾችና 180 ጥንቸሎች ሞተው መገኘታቸውን ሆግ ጽፏል። ከሞቱት ውሾች ብዛት እረኛና ውሻው በጎቻቸውን ፍለጋ ምን ያህል እንደ ደከሙ ይታወቃል። ይህን የሰማ ሰው በተራራ ጐን ላይ የሚታየውን ዝቅተኛ የሣር ክብ እንደ ከንቱ ነገር አይቈጥረውም። ያ ክብ በሌለበት ጊዜ የሆነው ነገር ይህ ነውና።

በእነዚህ ተራሮች የበግ ጥበቃ ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጋራም የተያያዘ ነው። ቤዳ የተባለው መነኵሴ እንደ ጻፈው፥ በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ተብሎ የሚከበረው ኩትበርት በወጣትነቱ በተራራ ላይ በግ ሲጠብቅ፥ በ651 በአንዲት ሌሊት ኤጲስ ቆጶሱ አይዳን ያረፈበትን ሰዓት በራእይ አየ፤ ከዚያም በኋላ ወደ ሜልሮዝ ገዳም ገብቶ መነኰሰ። ከብዙ ዘመንም በኋላ በ1136 ንጉሥ ዳዊት 1ኛ በሜልሮዝ አዲስ ገዳም አቆመ። የዚያ ገዳም መነኰሳት በነዚህ ተራሮች ሰፊ የግጦሽ መሬት ተቀብለው ብዙ በግ ያረቡ ነበር። የበጎቻቸውም ጠጕር ባሕር ተሻግሮ ይሸጥ ስለ ነበር፥ በ14ኛው ምዕተ ዓመት ፔጎሎቲ የተባለው የፍሎሬንስ ነጋዴ በጻፈው የንግድ መጽሐፍ ውስጥ የሜልሮዝ ስም ይገኛል። ነገር ግን ዛሬ የሚታየው የሣር በረት ሁሉ የመነኰሳት ሥራ ነው ማለት አይገባም፤ ከሚታዩት ብዙዎቹ ከዚያ ዘመን በኋላ የተሠሩ እንደ ሆኑ ይታመናል። ለንጉሥ መስጠት ስሕተት እንደ ሆነ ሁሉ፥ ማስረጃ ሳይገኝ ለገዳም መስጠትም ስሕተት ነው።

ስለ አሠራሩ

በረቱን የሚሠራው ሰው በቅድሚያ ሰፊ ስለት ባለው አካፋ መሬቱን እየቈረጠ፥ የሣሩ ሥር አፈሩን እንደ ያዘው በጓል በጓል ያነሣዋል። ሥሩ አፈሩን ስለሚያያይዘው ጓሉ አይበተንም። ከዚያ በኋላ ጓሉን እንደ ጡብ አንዱን በሌላው ላይ ይደረድረዋል። ግድግዳው ከታች ሰፊ፥ ከላይ ጠባብ ይሆናል። ጥቂት ቈይቶም የጓሎቹ ሥር እርስ በርሱ ተያይዞ ሣር ያበቅላል። ይህ ሥራ ድንጋይ ፈላጭ አያሻውም፤ ጋሪም ሆነ ገንዘብ አይጠይቅም። አካፋና ሁለት እጅ ያለው እረኛ ብቻውን ሊፈጽመው ይችላል። ጕድለቱ ግን ዕድሜው ማጠሩ ነው፤ ዝናብና የበግ እግር ስለሚያፈርሰው በየጊዜው መጠገን አለበት። ጥገናው የቀረ ዕለት ግድግዳው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተንሸራተተ፥ በመጨረሻ ዝቅ ያለ የሣር ጕብታ ሆኖ ይቀራል።

የአገሩ እረኞች ለበረቶቻቸው ልዩ ልዩ ስም አላቸው። ለበረዶ መጠለያ የሆነውን ክብ በረት ስቴል ይሉታል። ግልገሎቹ ከእናታቸው ከተለዩ በኋላ እናት በጎች የሚታለቡበትን ጉረኖ ደግሞ ቡኽት ይሉታል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ረዘም ያለና ማዕዘን ያለው ነው። በበግ ወተት አይብ መሥራት በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ እየቀረ ስለ ሄደ፥ ቡኽቶቹ ከስቴሎቹ በፊት ተተዉ። እንግዲህ የበረቱ ቅርጽ ስለ ሥራው ብቻ ሳይሆን በግምትም ቢሆን ስለ ዘመኑ ይናገራል።

በ1822 የኤትሪክ ባለርስት የነበረው፥ ኋላም ሎርድ ኔፒየር የተባለው ዊልያም ጆን ኔፒየር፥ በተራራማ አገር ስለ በግ እርባታ መጽሐፍ አሳትሞ፥ በየግጦሹ ክብ ስቴል እንዲሠራ አጥብቆ መከረ። በዚያ ምዕተ ዓመት ባለርስቶቹ ብዙ ስቴሎችን በድንጋይ አሠሩ። ከነዚህ የድንጋይ ስቴሎች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ቆመው ይታያሉ፤ ማንም አይቶ ያውቃቸዋል። ከነርሱ በፊት የነበሩት የሣር በረቶች ግን ጠጋኝ አጥተው ወደ ምድር ተመለሱ። ምልክት የሚያስፈልገው እንግዲህ ለእነዚህ ነው።

ስለ ምልክቶቹ

የመጀመሪያው ምልክት ቦታው ነው። በተራራ ላይ ክብ ጕብታ ያገኘ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ፥ ይህን ሥራ በዚህ ስፍራ ያቆመው ሰው ምን ፈልጎ ነው? ብሎ ይጠይቅ። ጠላትን የሚፈራ ሰው ራቅ አድርጎ ለማየት ከፍተኛውን ቦታ ይመርጣል። ነፋስን የሚፈራ ግን በተራራው ጐን ካለ ደረቅና ለስላሳ ሜዳ ላይ፥ ወይም ከወንዝ ዳር ከፍ ብሎ ውኃ በማይደርስበት ስፍራ ይሠራል። ጥልቅ ወደ ሆነው ሸለቆም አይወርድም፤ በረዶው የሚከመርበት መሆኑን ያውቃልና። ቦታውን ያየ ሰው የሠሪውን ፍርሃት ያውቃል፤ ፍርሃቱን ካወቀም ሠሪውን ለማወቅ ቀርቧል።

ሁለተኛው መጠኑ ነው። የስቴል ክብ ብዙውን ጊዜ ከዳር እስከ ዳር 10 ሜትር ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ የአንድ መንጋ ከፊል ተጠጋግቶ የሚቆምበት ስፋት ማለት ነው። የፈረሰው ግድግዳ ወገቡ ሰፊ፥ ከፍታው ግን ከጕልበት በታች ሆኖ ይገኛል። ሲረግጡት ለስላሳ ነው፤ ድንጋይ ቢገኝበትም ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ጓሉ የተነሣበት ቦታ ነው። የሣር ግድግዳ የሠራ ሰው ከአንድ ቦታ መሬቱን መግፈፍ አለበት፤ ጓሉንም ከሩቅ አያመጣም። ስለዚህ ከጕብታው ውጭ በዙሪያው ያልጠለቀ ቦይ ይታያል፥ ወይም በአጠገቡ ከሌላው መሬት ዝቅ ያለ ሜዳ ይገኛል። ይህ ቦይ ሰውን ለማገድ የተቈፈረ አይደለም፤ ልጅም ሊዘለው ይችላል። የምሽግ ቦይ ግን ለማገድ የተቈፈረ ስለ ሆነ ጥልቀቱና ስፋቱ ይበልጣል።

አራተኛው በሩ ነው። በረቱ አንድ በር ብቻ አለው፤ እርሱም ብርቱው ነፋስ በማይመጣበት በኩል ይሆናል። አንዳንድ ጊዜም ከበሩ ግራና ቀኝ አንድ ወይም ሁለት አጫጭር የግድግዳ ክንዶች ወደ ውጭ ተዘርግተው ይገኛሉ፤ የሚሸሸውን መንጋ ሰብስበው ወደ በሩ የሚመሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ክንድ ከተገኘ ለሰው ሳይሆን ለመንጋ የተሠራ ለመሆኑ ትልቅ ማስረጃ ነው።

አምስተኛው ሣሩ ነው። በጎች ብዙ ዘመን ባደሩበት ስፍራ ፋንድያቸው አፈሩን ያወፍረዋል። ከፋንድያው የሚገኘው ፎስፈረስ የተባለው ንጥረ ነገር በዝናብ ቶሎ አይታጠብም፤ በአፈሩ ውስጥ እጅግ ረጅም ዘመን ይቈያል። ስለዚህ በረቱ ከተተወ ብዙ ዘመን በኋላ እንኳ በክቡ ውስጥ ያለው ሣር ከውጭው ይልቅ ለምልሞ ይታያል፤ ሳማም ይበቅልበታል። ይህን ነገር ለኢትዮጵያ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። ከብት ያደረበት መሬት ጥቍር ሆኖ ከሌላው ማሳ የበለጠ እንደሚያፈራ ከአባቱ ተምሯልና። በስኮትላንድ ተራራ ላይ ያለው ምልክትና በጓሮ ያለው ምልክት አንድ ነው።

ስድስተኛው የመቅደምና የመከተል ምልክት ነው። በብዙ ስፍራ የጥንት እርሻ ትልም እስከ ዛሬ በሣር ሥር ይታያል። የበረቱ ጕብታ በትልሞቹ ላይ ተጋድሞ ከተገኘ፥ በረቱ ከእርሻው በኋላ የተሠራ ነው። ትልሙ ጕብታውን ቈርጦት ካለፈ ግን በረቱ ከእርሻው በፊት የነበረ ነው። ይህ ዓመቱን አይናገርም፤ ከሁለቱ የትኛው እንደ ቀደመ ግን ያለ ሐሰት ይመሰክራል።

እነዚህን ምልክቶች ለማየት ጊዜ መምረጥ ያሻል። በቀትር ፀሐይ ከአናት ላይ ስትሆን ጕብታው ጥላ ስለሌለው አይታይም። ማለዳ ወይም ወደ ማታ፥ ፀሐይ ዝቅ ስትል ግን፥ አንድ ስንዝር ከፍታ ያለው ነገር ሁሉ ጥላውን ይጥላል፤ በቀን የጠፋው ክብ ያን ጊዜ ይገለጣል። ስስ በረዶ በወረደ ጊዜም እንዲሁ ነው። በ1920 በእንግሊዝ መንግሥት የካርታ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያው የጥንታዊ ቅርስ ሹም የሆነው ክሮፎርድ፥ ምድርን ከአውሮፕላን ላይ ፎቶግራፍ በማንሣት ብዙ የጥንት ሥራዎች እንደሚገለጡ አሳይቶ፥ በ1928 ከኪለር ጋራ ስለዚሁ መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ ደግሞ ከአውሮፕላን የብርሃን ጨረር ወደ ምድር እየተላከ የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ በእጅጉ ይለካል፤ በዛፍ ሥር የተሰወረውም ሳይቀር በሥዕል ይታያል። ነገር ግን መሣሪያው ክቡን ያሳያል እንጂ የማን እንደ ሆነ አይናገርም። ያን ለማወቅ በእግር ሄዶ ማየት የግድ ነው።

ከዚህም ጋራ ካርታ መመልከት ይገባል። በ1747 እና በ1755 መካከል ዊልያም ሮይ የስኮትላንድን አገር ለጦር ሠራዊት አገልግሎት በካርታ አስነሥቷል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት እኵሌታ የመንግሥት ካርታ ሠሪዎች እነዚህን ወረዳዎች በየስንዝሩ ለክተው በጎች የሚያድሩባቸውን በረቶች በየስማቸው ጻፉ። በዚያ ካርታ ላይ የተጻፈ በረት በዚያን ጊዜ የሚታወቅ ነበር። ያልተጻፈ ክብ ግን ምናልባት ያን ጊዜም ፈርሶ የተረሳ ይሆናል። ከካርታውም በኋላ የአገሩን ሽማግሌ መጠየቅ መልካም ነው፤ የሸለቆና የወንዝ ስም ብዙ ጊዜ የጠፋውን በረት ስም ይዞ ይኖራልና።

ከሌላ ሥራ ስለ መለየት

የበግ በረት ከሌሎች የጥንት ሥራዎች ጋራ በቀላሉ ይምታታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበሩት ዘመናት የአገሩ ሰዎች የኖሩባቸው ክብ ቤቶች ፍርስራሽ በመጠን ከስቴል ጋራ ይመሳሰላል። የቤት ፍርስራሽ ግን ብዙ ጊዜ ብቻውን አይገኝም፤ ጎረቤትና የእርሻ ቦታ አለው። በሩም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይመለከታል፤ በተዳፋት ላይ ከሆነም ወለሉ ተደልድሏል። የጥንት መቃብር ጕብታ ደግሞ በር የለውም። የሮማውያን የምልክት ማማ የቆመበት ክብ በከፍታ ላይ ሆኖ፥ ወደ ሌላው ጦር ሰፈር ወይም ወደ ጐዳናው ይመለከታል። ምሽግ ከሁሉ ይልቅ ሰፊ ነው።

ሆኖም ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ የተለየ ሆኖ አይገኝም። እረኛ ብልህ ስለ ሆነ የተዘጋጀ ግድግዳ ካገኘ አዲስ አይሠራም። ስለዚህ በብዙ ስፍራ በፈረሰ ምሽግ ውስጥ የበግ በረት ተሠርቶ ይገኛል። በዚያን ጊዜ መልሱ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ አስቀድሞ የጦረኛ ነበረ፥ በኋላ የእረኛ ሆነ ማለት ነው። ቸኵሎ አንዱን ብቻ የሚናገር ሰው ከሁለቱ ባለቤቶች አንዱን ያሳጣል።

በዓይን ብቻ ሊለይ የማይቻል ሲሆን የመጨረሻው ፈራጅ በሊቃውንት የሚደረግ ቍፋሮ ነው። የጓሉ ግድግዳ ሲሠራ የጥንቱን የምድር ገጽ ከነአበባው ብናኝና ከነከሰሉ ከሥሩ ይቀብረዋል። ዊላርድ ሊቢና ረዳቶቹ በ1949 ባስታወቁት ዘዴ የከሰሉ ዕድሜ ይመረመራል። ግን በዚህም ጥንቃቄ ያሻል፤ ከግድግዳ ሥር የተገኘ ከሰል ከግድግዳው የቀደመ ነው እንጂ ዕድሜው የግድግዳው ዕድሜ አይደለም። ፈቃድ የሌለው ሰው ግን አካፋ ማንሣት የለበትም። አንድ ጊዜ የተቈፈረ መጽሐፍ ሁለተኛ አይነበብምና።

ስለ ጥፋቱና ስለ ጥቅሙ

የሣር በረት ጠላቱ ዝናብ ብቻ አይደለም። በ1919 በብሪታንያ መንግሥት የደን መሥሪያ ቤት ከተቋቋመ በኋላ፥ በተለይም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ፥ በነዚህ ተራሮች ላይ ሰፊ የጥድ ደን ተተክሏል። ለተከላው መሬቱ በጥልቅ ማረሻ ስለ ተገለበጠ፥ ከድንጋይ የተሠራው ቢተርፍ እንኳ ከሣር ጓል የተሠራው ጠፍቷል። በ1908 የተቋቋመው የስኮትላንድ ጥንታዊ ሐውልቶች መርማሪ ጉባኤ በ1956 የሮክስበርግሽርን፥ በ1957 የሴልከርክሽርን ቅርሶች መዝገብ አሳትሟል። ይህም ሥራ በ2015 ለብሔራዊው የቅርስ መሥሪያ ቤት ተላልፎ ዛሬም ይቀጥላል። ነገር ግን መዝጋቢ ሊጠብቅ የሚችለው ያወቀውን ነው። ማንም ያላወቀው በረት ሲታረስ የሚጮኽለት የለም።

ይህ ነገር ለሩቅ አገር ብቻ የሚነገር አይደለም። በኢትዮጵያም በየአገሩ የቆመ የጥንት ድንጋይ ወይም የፈረሰ ግንብ በታየ ጊዜ፥ የግራኝ ነው ማለት የተለመደ ነው። በደቡብ በኩል በሶዶ አገር የሚገኙት የጢያ ትክል ድንጋዮች እንኳ የግራኝ ድንጋይ ሲባሉ ኖረዋል። የተመራመሩት ሊቃውንት ግን ድንጋዮቹ ግራኝ በ16ኛው ምዕተ ዓመት ከመነሣቱ አስቀድመው የተተከሉ የመቃብር ምልክቶች መሆናቸውን አስረድተዋል፤ በ1980ም በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ሙታናቸውን በክብር የቀበሩ ሰዎች ሥራ ላጠፋ ሰው ተሰጥቶ መኖሩ፥ በስኮትላንድ የእረኛው ሥራ ለጦረኛ እንደ ተሰጠው ያለ ነው። ፍርዱ የሚስተካከለው በሁለቱም አገር በአንድ መንገድ ነው፤ ይኸውም ቦታውን፥ መጠኑን፥ አፈሩንና የመቅደሙን ምልክት በትዕግሥት መጠየቅ ነው።

ለአንድ ደብር ካህናትና ምእመናን ከዚህ የሚገኘው ሥራ ግልጽ ነው። በደብሩ ዙሪያ ያለውን የፈረሰ ካብ፥ የተተወ ውድማ፥ የጥንት በረትና የቀድሞ ቤት ቦታ፥ አሮጌ ነው ብሎ ድንጋዩን ለአዲስ ሥራ ከማንሣት በፊት፥ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቆ ማን እንደ ሠራው መጻፍ ይገባል። አንድ ወጣት ደብተር ይዞ ስፍራውን በእርምጃ ቢለካ፥ በሩ ወዴት እንደሚመለከት ቢመዘግብ፥ የሚጠሩትንም ስም ቢጽፍ፥ ወጪ የሌለው ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ንጉሥ ታሪክ ጸሓፊ አለው፤ ገዳምም መዝገብ አለው። እረኛና ገበሬ ግን ከሠሩት ሥራ በቀር መጽሐፍ የላቸውም፤ መጽሐፋቸውም መሬቱ ነው።

ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ በተወለደ ጊዜ የመጀመሪያው የምሥራች የተነገረው በሌሊት መንጋቸውን ሲጠብቁ ለነበሩ እረኞች ነው፤ ስማቸው ግን በወንጌል አልተጻፈም። በቤተ ልሔም ሜዳ ስማቸው ያልተጻፈውን እረኞች ያላረሳ አምላክ፥ በበረዶ መካከል ለአንድ በግ ብለው የሞቱትንም አይረሳም። ለሰው የተተወለት ሥራ፥ በፀሐይ መግቢያ በተራራ ጐን ላይ ክብ ጥላ ባየ ጊዜ፥ ይህ የማን ነው? ብሎ መጠየቅና መልሱን ሳያዳላ መናገር ነው።